«አንድ ቀን ብቻ ገብተሽ እይው»
ወደ ባለ አውሊያ ቤት ከመሄዳችን በፊት ምን እንመዝን?

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበ በኋላ ለመጽሔታችን አንባቢያን የተዘጋጀ)

  

የዛሬው ርዕሳችን መነሻ ከመራዊ ወጣ ካለ ቀበሌ የደረሰን የአንዲት እናት ጥያቄ ነው። የአሥራ አራት ዓመት ልጃቸው ድንገት እየወደቀች ትንፈራገጣለች፣ አፏ አረፋ ይደፍቃል። አንድ ቀን ምድጃ ላይ ወድቃ ክንዷ ተቃጥሏል። አንዱ «ጥላ ወጊ ነው» ይላል፤ ሌላው «ዛር ነው፣ ግብሩን ይፈልጋል» ይላል። አንዲት ጎረቤት ደግሞ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ ወደሚገኝ የባለ አውሊያ ቤት ልትወስዳቸው ትጎተጉታቸዋለች። «ምንም አይጠይቁሽም። ቡና ጠጥተሽ፣ ዕጣን አጭሰሽ ትመለሻለሽ። አንድ ቀን ብቻ ገብተሽ እይው» ትላቸዋለች። እናትየዋ ጥያቄያቸውን ሲደመድሙ፣ ነገሩ ሐራም መሆኑን እንደሰሙ፣ ነገር ግን የልጅ ነገር አንጀት እንደሚበላ ገልጸው፣ «አንድ ቀን ብሄድ ምን ይደርስብኛል?» ብለዋል።

እኚህን እናት ለመውቀስ አልተነሣንም። ልጁ ዓይኑ ፊት የሚወድቅበት ሰው የተባለውን ሁሉ ቢሞክር የሚያስገርም አይደለም። ከመራዊ እስከ ቡሬና ፍኖተ ሰላም በመንገዱ ግራና ቀኝ ባለው ገጠር ይህ ጥያቄ የሙስሊሙ ብቻ አይደለም፤ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም በየቤታቸው የሚጠይቁት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት መንገድ ሲዘጋና መድኃኒት ሲጠፋ ደግሞ፣ የጨነቀው ሰው ቅርብ ያገኘውን በር ማንኳኳቱ አልቀረም። ስለዚህ «አትሂዱ» ብለን ብቻ አንለፍ። የሚደርሰውን ጉዳት አንድ በአንድ እንመዝነው።

ይህ ቤት ምን ዓይነት ቤት ነው?

በአገራችን የዛር ቤት፣ የጨሌ ቤት፣ የቃልቻ ቤት፣ የባለ ውቃቢ ቤት፣ የባለ አውሊያ ቤት እየተባለ የሚጠራው ነገር ስሙ ይለያይ እንጂ አሠራሩ ተቀራራቢ ነው። አንድ አለቃ ወይም አንዲት አለቃ አለች። በዙሪያዋ የሚያገለግሉ ታዛዦች አሉ። ቡና ይፈላል፣ ጫት ይቀርባል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ከበሮ ይመታል። መንፈሱ «ሰፈረ» ሲባል ሰውየው ያጓራል፣ ራሱን ይወዘውዛል፤ መንፈሱ የሰፈረበትም ሰው የዛር «ፈረስ» ይባላል። ከዚያ መንፈሱ ስሙን ይናገራል፣ የሚፈልገውን ይቆጥራል፤ ቀለሙ የተለየ ዶሮ፣ በግ፣ ልብስ፣ ሽቶ፣ ቀለበት።

ሚሼል ሌሪስ የተባለ ፈረንሳዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ተቀምጦ ይህን ማኅበር ከውስጥ ተመልክቶ ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ ርዕስ ላይም የነገሩን ቲያትራዊ ገጽታ ጠቅሷል። በዚያው ዓመት ሳይመን ሜሲንግ የተባለ አሜሪካዊ ባወጣው ጽሑፍ፣ ቤቱ ለታማሚዎች፣ በተለይ ለተገፉ ሴቶች፣ ማጽናኛና መሰባሰቢያ እንደሚሆን ገልጿል። ነገር ግን ታማሚው ድኖ አይሰናበትም፤ የማኅበሩ አባል ሆኖ ይቀራል። ሁለቱም ሙስሊም አይደሉም፤ ከሃይማኖት ተነሥተው ቤቱን ለማውገዝም አልጻፉም። ሆኖም ጽሑፎቻቸው አንድ ትልቅ ነገር ያስተምሩናል። ወደ ሐኪም የሚሄድ ሰው ለመዳንና ለመመለስ ይሄዳል። ወደዚህ ቤት የገባ ሰው ግን ከመንፈሱ ጋር «ይታረቃል» እንጂ ከመንፈሱ አይላቀቅም። ዕርቁም በየዓመቱ ግብር ይፈልጋል።

እንግዲህ የእናታችን ጥያቄ «ብገባ ምን ይደርስብኛል?» የሚል ነበር። እኛ ደግሞ «ከገቡ በኋላ እንዴት ይወጣሉ?» ብለው ይጠይቁ እንላለን። የዚህ ቤት አደጋ የሚታወቀው በመግቢያው ሳይሆን በመውጫው ነው።

ዲናችን ምን ይላል?

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከሰባቱ አጥፊ ወንጀሎች ሲቆጥሩ በአላህ ላይ ከማጋራት ቀጥሎ ያስቀመጡት ሲህርን ነው፤ ሐዲሡን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ወደ ጠንቋይ ሄዶ የጠየቀ ሰው የአርባ ሌሊት ሰላቱ ተቀባይነት እንደማያገኝ ሙስሊም በዘገቡት ሐዲሥ ተነግሯል። የተናገረውን አምኖ የተቀበለ ደግሞ በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ በወረደው እንደ ካደ በሌላ ሐዲሥ መጥቷል። «አንድ ቀን ብቻ» የምትለው ቃል እዚህ ላይ ትወድቃለች። የአንዷ ቀን ዋጋ አርባ ሌሊት ነውና።

ብዙ ሰው «የተናገሩት ልክ ሆነ እኮ!» ይላል። ለዚህም መልስ አለ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጂኑ ከሰማይ ሰርቆ የሰማትን አንዲት እውነተኛ ቃል ለጠንቋዩ እንደሚያቀብለው፣ እነሱም ከዚያች ጋር መቶ ውሸት እንደሚቀላቅሉ አስተምረዋል። እኛ የምናስታውሰው የሠመረችውን አንዷን ነው፤ መቶዎቹን እንረሳለን። በሱረቱ ሰበእ አንቀጽ 14 ላይ ደግሞ ነብዩ ሱለይማን (ዐ.ሰ) ሞተው ሳለ ጂኖቹ ሳያውቁ በከባድ ሥራ ላይ እንደቆዩ፣ ምርኩዛቸውን ምስጥ በልቶት ሲወድቁ ብቻ እንዳወቁ ተነግሮናል። ከፊቱ የቆመው ሰው መሞቱን ያላወቀ ጂን፣ የልጃችንን ነገ እንዴት ያውቃል?

«አውሊያ» የሚለውን ቃልም እንመልከተው። በሱረቱ ዩኑስ አንቀጽ 62 እና 63 የአላህ ወዳጆች ማንነት ተገልጿል፤ ያመኑና አላህን የሚፈሩ ናቸው። ደም የሚጠይቅ፣ ሽቶ የሚያዝዝ፣ ግብር ሲቀርበት ሰውን የሚጥል መንፈስ በዚህ ስም ሲጠራ የተከበረ ስም ተሰርቋል ማለት ነው። ሱረቱል ጂን አንቀጽ 6 ላይም በጂኖች የተጠበቁ ሰዎች ከመጠበቃቸው ያተረፉት ጭንቀትን መጨመር ብቻ እንደነበር እናነባለን። ለጂን የከፈለ ሰው ጂንን አያረካም፤ ያስለምደዋል።

ቤቱ ሰውን እንዴት ይይዛል?

ማንም ሰው የመጀመሪያ ቀን በግ አምጣ አይባልም። መጀመሪያ ቡና ነው። ተራው እስኪደርስ ድረስ ታዛዦቹ አጠገቡ ተቀምጠው ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደታመመበት፣ ከማን ጋር እንደተጣላ በጨዋታ መልክ ይጠይቁታል። ወደ ውስጥ ሲዘልቅ አለቃዋ ያንኑ መልሳ ስትነግረው «ማን ነገራት?» ብሎ ይደነግጣል።

ቀጥሎ ትንሽ ነገር ይታዘዛል፤ አንድ ገብስማ ዶሮ ጭዳ ይሁን ይባላል። ሕመሙ ጋብ ካለ «መንፈሱ ደስ አለው» ይባላል። ብዙ ሕመም በራሱ ጊዜ ጋብ ብሎ የሚመለስ መሆኑን ልብ በሉ። ሲመለስ ደግሞ «ግብሩ አነሰ፣ ቀለሙ ተሳሳተ፣ ለሌላ ሰው ተናገርሽ» ይባላል። ስለዚህ ቢሻልም ባይሻልም ቤቱ አይሸነፍም። ጥፋተኛው ሁልጊዜ ታማሚው ነው። ይህን የመሰለ ሚዛን በገበያ ብናገኘው ሰባሪ ነው ብለን እንጥለው ነበር።

ከዚያ ምሥጢር ይመጣል። ለባልሽ አትንገሪ፣ ለኢማሙ አትንገሪ፣ ሐኪም ቤት ከሄድሽ ይቆጣል ይባላል። በመጨረሻም ማስፈራሪያው ይከተላል፤ «ከተውሽው ልጅሽን ይወስዳታል» ይባላል። በቡና የገባችው እናት በፍርሃት ታስራ ትቀራለች።

ይህ ያልተማረ ገጠሬ ብቻ የሚወድቅበት ጉድጓድ እንዳይመስለን። በአውሮፓ «የፀሐይ ቤተ መቅደስ» የተባለ ምሥጢራዊ ማኅበር ነበር። አባላቱ የተማሩና ሀብት ያላቸው ሰዎች ሲሆኑ ደረጃ፣ ሥርዓትና መሐላ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1994 በስዊዘርላንድና በካናዳ ከ50 በላይ ሰዎች ሞተው ተገኙ፤ ከሞቱት መካከል ሕፃናትም ነበሩ። አገሩና ቋንቋው ከእኛ ቢርቅም ምሥጢሩ፣ መሐላውና ለአለቃው ያለ ጥያቄ መገዛቱ ያው ነው።

በጤና ላይ የሚደርሰው

አንደኛው ጉዳት የጊዜ ነው። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ባሉ ቆላማ ቀበሌዎች ወባ አለ። ወባ ወደ አንጎል ሲወጣ በሽተኛው ይቃዣል፣ ይንፈራገጣል፣ ሰው አይለይም። ለአላዋቂ ዓይን «የሰፈረበት» ይመስላል። በዚህ ጊዜ በከበሮ ዙሪያ የምታልፍ አንዲት ሌሊት ነፍስ ታስከፍላለች። የእብድ ውሻ በሽታም እንዲሁ ነው። በተነከሰ ሰዓት ቁስሉን በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል አጥቦ ክትባቱን የጀመረ ሰው በአላህ ፈቃድ ይድናል። ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን የሚተርፍ የለም ለማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ጉዳት የሚጠጣው ነው። በየመንደሩ አጥር ሥር የሚበቅለው አስተናግር ወይም ዕፀ ፋርስ የሚባለው ተክል አፍ ያደርቃል፣ ልብ ያስመታል፣ የሌለ ነገር ያሳያል። መጠኑ ከቅጠል ቅጠል፣ ከፍሬ ፍሬ ስለሚለያይ የሚገድልም ጊዜ አለ። የጠጣው ሰው «መንፈስ አየሁ» ቢል፣ ያየው መርዙ ያሳየውን ነው። ሦስተኛው፣ ለብዙ ሰው በአንድ ምላጭ መብጣት ነው፤ ኤች አይ ቪና የጉበት በሽታ በዚህ መንገድ ይተላለፋሉ። መንፈሱ እንዲወጣ እየተባለ በአለንጋ የሚገረፈው፣ በጭስ የሚታፈነው በሽተኛም አለ።

በጎረቤት ላይ የሚደርሰው

ከሁሉ የከፋውና ብዙ ጊዜ የማይነገረው ይህ ነው። ቤቱ ለሕመሙ ባለቤት ይፈልግለታል። «ከቤትሽ በስተ ምሥራቅ ያለች ጠይም ሴት መተት አሠርታብሻለች» ይባላል። በስተ ምሥራቅ ጠይም ሴት የሌለችበት መንደር የት አለ? ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ «ቡዳ» እየተባሉ የኖሩት በዚህ ዓይነት ጣት መቀሰር ነው። ከሸማ ሥራና ከእጅ ጥበብ እንጀራው ለተቆረሰ ለሙስሊሙ ማኅበረሰብ ይህ ነገር ከሌላው ይበልጥ ሊገባን ይገባል።

የአገራችን ታሪክም ምስክር ነው። ቀድሞ «ሌባ ሻይ» የሚባል ሥርዓት ነበር። ንብረት ሲጠፋ ለአንድ ልጅ የሚያሰክር ነገር ይሰጡትና ወገቡን በመቀነት ይዘው ይለቁታል። ልጁ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይከፍላል። ምስክር የለ፣ ማስረጃ የለ። ስንቱ ንጹሕ ሰው በዚህ ተዋርዷል! በኋላም ተከለከለ። መንግሥት የከለከለውን ፍርድ ዛሬ በየጓዳው ዕጣን አጭሰን አንመልሰው። አላህ በሱረቱል ሑጁራት አንቀጽ 12 ከብዙ ጥርጣሬ እንድንርቅ አዞናል። በጠንቋይ ቃል ጎረቤቱን የጠረጠረ ሰው ሁለት ወንጀል ይሸከማል፤ የጠንቋዩንና የጥርጣሬውን።

በር ላይ ቆመን የምንጠይቃቸው ጥያቄዎች

ማንኛውም ሰው «ና፣ መፍትሔ ካንድ ቤት አለ» ሲባል፣ ቤቱ በቁርኣን እናክማለን የሚል እንኳ ቢሆን፣ እነዚህን ይጠይቅ።

አንደኛ፣ የሚባለው ቃል ይገባኛል ወይ? ዑለማዎች ሩቅያ የሚፈቀደው በሦስት መስፈርት እንደሆነ ተስማምተዋል፤ በአላህ ቃል ወይም በስሞቹና በባሕርያቱ ሲሆን፣ በሚታወቅ ቋንቋ ሲሆን፣ ፈዋሹ አላህ እንጂ ሩቅያው እንዳልሆነ ሲታመን ነው። በጥርስ መሐል የሚንሾካሾክ፣ ሣጥን ሣጥን የተሣለበት፣ የማይነበብ ጠልሰም ከዚህ ውጭ ነው። ፋቲሓ ከላዩ ቢቀራበትም ከታቹ ያለውን አያነጻውም።

ሁለተኛ፣ የእናቴን ስም፣ የልብሴን እራፊ፣ ፀጉሬን ወይም ጥፍሬን ጠየቁኝ ወይ? ሩቅያ ይህን አይፈልግም።

ሦስተኛ፣ ለማን ነው የሚታረደው? ቢስሚላህ ተብሎ ታርዶ ለድሃ ይከፋፈላል? ወይስ ቀለሙ ተመርጦ ደሙ ለመንፈስ ይፈስሳል?

አራተኛ፣ ለቤተሰቤና ለኢማሜ ብነግር ይቆጣሉ ወይ? ከአላህ ዘንድ የሆነ መፍትሔ ከአባትና ከባል አይደበቅም።

አምስተኛ፣ የሐኪም መድኃኒቴን አቁሚ ይሉኛል ወይ? ካሉ በዚያው እግር መመለስ ነው።

ስድስተኛውና ዋናው፣ ነገ «በቃኝ» ብል ምን ይሉኛል? «አላህ ያሽርሽ» ብለው ከሸኙ ደግ ነው። «ትጠፊያለሽ» ካሉ ግን ያ ቤት ወጥመድ ነው።

ለእናታችን

እናታችን፣ የልጅዎ ምልክት ሐኪሞች የሚጥል በሽታ ከሚሉት ጋር ይመሳሰላል። ይህ የአንጎል ሕመም ነው። በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች አብረውት እንደሚኖሩ የዓለም የጤና ድርጅት ይገልጻል። ተገቢውን ምርመራና ሕክምና ቢያገኙ ከአሥሩ እስከ ሰባቱ ሳይወድቁ ሊኖሩ ይችላሉ። በመራዊ ሐኪም ቤት አለ፤ ከዚያም ካስፈለገ ባሕር ዳር ወደ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ይላካሉ። የሚታዘዘው ኪኒን በየቀኑ ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ ነው። «ተሽሏታል» ብለው በራስዎ እንዳያቋርጡት፤ በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ በርትቶ ይመለሳል።

ስትወድቅ በጎኗ ያስተኟት፣ ራሷ ሥር ለስላሳ ነገር ያድርጉላት፣ እሳትና ድንጋይ ያርቁ። አፏ ውስጥ ምንም አይክተቱ፤ የክብሪት ጭስም አያሽትቷት። አረፋው አይጋባም፤ ጎረቤት ሊነካት አይፍራ። ከአምስት ደቂቃ በላይ ከቆየባት ግን በፍጥነት ወደ ሕክምና ይውሰዷት። ምድጃው ዙሪያ መከለያ ያብጁ፤ ብቻዋን ወደ ወንዝ አትውረድ።

ከዚህ ጋር ፋቲሓን፣ አየተል ኩርሲን፣ ኢኽላስን፣ ፈለቅንና ናስን ራስዎ ይቅሩላት። ማንም ሳይከፈለው የእናት ዱዓ ወደ አላህ ይደርሳል። በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን የምትወድቅ አንዲት ጥቁር ሴት መጥታ ዱዓ እንዲያደርጉላት ለምናቸው ነበር። እሳቸውም ብትታገሥ ጀነት እንዳላት፣ ብትፈልግ ግን ዱዓ እንደሚያደርጉላት ነገሯት። እሷም ትዕግሥቱን መርጣ፣ ስትወድቅ ገላዋ እንዳይገለጥ ብቻ ዱዓ አስደረገች። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ነው። አላፈሯትም፣ አላራቋትም፣ ግብር አምጪም አላሏት። ልጅዎ የምታፍርበት አንዳች ነገር የለም።

ቀድሞ ለገባ

ቀድሞ የገባና መውጫው የጠፋበትም ሰው ይኖራል። ወንድሜ፣ እህቴ፣ የተውበት በር አልተዘጋም። በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 102 ላይ ሲህረኞች ያለ አላህ ፈቃድ ማንንም እንደማይጎዱ ተነግሯል። የሚያስፈራሩህ በእጃቸው በሌለ ነገር ነው። ብቻህን አትሁን፤ ለአንድ ለምታምነው ዘመድና ለኢማምህ ንገር። ያሠሩብህን ክታብና ጨሌ አስወግድ። ሰላትህን ጠብቅ፣ የጠዋትና የማታ ዚክርህን አትተው። በተውክ ሰሞን ብትታመም «እነሱ ናቸው» አትበል፤ ሰው ሳይገባም ይታመማልና ሐኪም ቤት ሂድ። ገንዘብህን በማታለል ከወሰዱ ወይም ከደበደቡህ ደግሞ ሕግ አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 692 ማታለልን ያስቀጣል።

በመጨረሻ አንድ ቃል ለራሳችን። ሰው ወደዚያ ቤት የሚሄደው ለመንፈሱ ብሎ ብቻ አይደለም። እዚያ ቡና ይቀርብለታል፣ ስሙ ይጠራል፣ ችግሩ ይደመጣል። ልጇ የምትወድቅባት እናት ወደ መስጂዳችን ደጃፍ ብትመጣ ማን ቁጭ ብሎ ይሰማታል? ለሐኪም ቤት ትራንስፖርት ማን ያዋጣላታል? ማንስ ልጅቷን ይዞ አብሯት ይሄዳል? «ሐራም ነው» ብሎ መናገር ግዴታችን ነው፤ ግን ከቃሉ ጋር የተዘረጋ እጅ ከሌለ የጎረቤቷ ግብዣ ያሸንፈናል። በየጀማዓችን የታመመን የሚጠይቁ፣ ወደ ሕክምና የሚያደርሱ ጥቂት እናቶችና ወጣቶች እናደራጅ። ያኔ «አንድ ቀን ብቻ ገብተሽ እይው» የምትለው ጎረቤት ከመምጣቷ በፊት እኛ ደርሰን እንገኛለን።

አላህ የታመሙትን ያሽርልን፤ ለእናቶቻቸው ጽናቱን ይስጥልን፤ ተውሒዳችንን ይጠብቅልን። አሚን።